ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው ሩዝ

ምንተስኖት ጀልባ ሲሳፈር ሁልጊዜ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ የመንገደኞች ቅጽ ላይ ስሙንና የፓስፖርት ቁጥሩን በኮሪያ ፊደል ይሞላል፣ ሰማያዊ የዝናብ ሽፋን ያለበሰውን የጀርባ ቦርሳውን ጉልበቶቹ መሀል ያቆማል፣ ከዚያ መስኮት ዳር ተቀምጦ ውሃውን ያያል። አያነብም፣ ዘፈን አይሰማም፣ አይተኛም። አጠገቡ የተቀመጠ ሽማግሌ ከየት አገር እንደመጣ ሲጠይቀው በሦስት ዓመት የለመደውን ኮሪያኛ ሳያበላሽ ይመልሳል፣ ሽማግሌው ሲገረም ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው ሳይከስም ወደ መስኮቱ ይዞራል። በዚህ አኳኋን ባለፉት ወራት አሥራ አንድ ደሴት አዳርሷል። የትኛው ምን ይመስል እንደነበር ቢጠይቁት ግን አንዱን ከሌላው አይለይም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ናሁሠናይ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። መርዶው ለምንተስኖት የደረሰው ፈተና ሊገባ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነበር። ምን አደረገ? ገባና ተፈተነ። ያውም ጥሩ ውጤት አመጣ። ያን ቀን የጀመረው መደንዘዝ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ ዛሬ አለቅሳለሁ፣ ነገ አለቅሳለሁ፣ ቅዳሜ ክፍሌን ዘግቼ አለቅሳለሁ እያለ፣ እንባው እንደ ሰፈራቸው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ይመስል ሲጠብቅ ወራቱ አለቁ። እናቱ ወይዘሮ ዝማም አልተቀየሙትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁት።

«ወንድምህ አፈር ሲገባ አልነበርክም። ይሁን፣ ትምህርት ነው። ለሙት ዓመቱ ግን እንዳትቀርብኝ። ሁለት ወልጄ ሰው ፊት ብቻዬን አልቁም።»

ቃል ገባላቸው። ሙት ዓመቱ ሰኞ ነው፣ አውሮፕላኑ ቅዳሜ ይነሳል። ትምህርቱ አልቋል፣ የክፍሉን ቁልፍ መልሷል፣ ያለው ንብረት ሁሉ ቦርሳው ውስጥ ነው። እስከ ቅዳሜ የሰው ቤት ከማጣብብ ብሎ ማክሰኞ ጠዋት ሙሪዶ ወደምትባለው የዓሣ አጥማጆች ደሴት የምትሄደውን ጀልባ ያዘ። ጀልባዋ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ናት። ሐሙስ ይመለሳል፣ ዓርብ ሴኡል ይገባል፣ ቅዳሜ ይበራል። ሐሙስ ካመለጠችው ቀጣይዋ ማክሰኞ ናት፤ ማክሰኞ ደግሞ እናቱ ለቀስተኛውን ብቻቸውን ተቀብለው ከሸኙ በኋላ ነው።

ሙሪዶ ከውሃው ብቅ ያለች ጉብታ ናት። ከወደቡ እስከ ላይኛው ግቢ ሃያ ምናምን ቤቶች አሉ፤ ጣሪያቸውን ነፋስ እንዳይወስደው በወፍራም ገመድ ጠፍረው በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አንጠልጥለውበታል፣ በየደጁ ሆዱ የተቀደደ ዓሣ ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፣ የጨው፣ የናፍጣና የበሰበሰ ገመድ ሽታ መጀመሪያ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ቆይቶ ምላስ ላይ ይቀመጣል። ከደሴቷ ጀርባ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሽና ዓይን እስኪደክም የሚዘረጋ ጥቁር ጭቃ ትቶ ይሄዳል፤ ጭቃው ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉና ውሃው እንደራቀ ሁሉም ባንድ ላይ መተንፈስ ይጀምራሉ፣ ሰው አፉን ሳይከፍት የሚያወራ የሚመስል ድምፅ ውሃው እስኪመለስ ይሰማል። ልጅ የሚባል የለም። ወጣቶቹ ወደ ከተማ ሄደው አልቀዋል፣ የቀሩት ሽማግሌዎችና ድመቶች ናቸው።

ወደቡ ላይ የተቀበሉት የመንደሩ ሊቀመንበር አቶ ፓንግ ናቸው። ከጀልባዋ የወረደውን ሰው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አንድ ሰው ነበርና ቆጠራው ቶሎ አለቀ። ከዚያ ቢሯቸው ገብተው በድምፅ ማጉያ ለመንደሩ ሁሉ ተናገሩ። ከሩቅ አገር እንግዳ መጥቷል፣ ተማሪ ነው፣ የሚያድረው ኦክሱን ቤት ነው፣ ሐሙስ ይመለሳል፣ መንገድ ቢጠፋው አሳዩት አሉ። መረብ የሚጠግኑት ሽማግሌዎች ሥራቸውን ትተው ትክ ብለው አዩት። አንዲት አሮጊት ክንዱን ነካ አድርገው ጣታቸውን ተመለከቱና በራሳቸው ሳቁ። አገርህ የት ነው ቢሉት ገና ሚስት አላገባሁም አለ ይባላል በኛ አገር፤ እነሱ ግን አገሩንም ሚስቱንም አንድ ላይ ጠየቁት። ሁለቱንም በትሕትና መለሰ።

ወደ ኦክሱን ቤት ሲወጡ አቶ ፓንግ አረማመዳቸውን ቀነስ አደረጉ። ሴትዮዋ ብቸኛ እንደሆኑ፣ ዶንግሱ የሚባል አንድ ልጅ እንደነበራቸው፣ ከሦስት ዓመት በፊት በጥቅምት ለዓሣ ወጥቶ ጀልባዋ ሞተሯ እንደበራ ባዶዋን ተመልሳ እሱ እንደቀረ ነገሩት። ሬሳው አልተገኘም። ሬሳው ላልተገኘ ሰው እዚህ አይለቀስም፤ ካለቀሱለት ሞተ ማለት ነው። ይልቅ ቤተሰቡ ሁልጊዜ ሲመሽ ክዳን ባለው የነሐስ ሳህን ትኩስ ሩዝ ይሞላና ከብርድ ልብስ ሥር፣ ወለሉ በጣም ከሚሞቅበት ጥግ ያስቀምጥለታል፤ ሲነጋ ባሕሩ ዳር ይወስደውና ስሙን ሦስቴ ጠርቶ ሩዙን ውሃ ላይ ይበትነዋል። «እንዳላዩ ይሁኑ» አሉት አቶ ፓንግ፣ ለእንግዳ በሚነገርበት የአክብሮት አነጋገር። ምንተስኖት ራሱን ነቀነቀ።

አሮጊቷ ትንሽዬ፣ ጎብጠው መሬት የሚፈልጉ የሚመስሉ ሴት ነበሩ። እሱም እንደ አገሩ ወግ ሃልሞኒ አላቸው፣ አያቴ እንደማለት። ጫማውን አውልቆ ሲገባ ጎንበስ ብለው የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዞሩት፤ የእንግዳ ጫማ እንዲህ ነው የሚቀመጠው፣ መሄጃው እንዲቃና። ከሱ ጫማ አጠገብ ግን አንድ ጥንድ ጥቁር የጎማ ቦት አፍንጫውን ወደ ቤት አዙሮ ቆሟል። አቧራ አልነበረበትም።

ገና ብርሃን ሳለ እራት ቀረበ፤ የዓሣ ወጥ፣ ኪምቺ የሚሉት የኮመጠጠ ጎመን፣ የባሕር ቅጠል። እሱ በላ፣ ሃልሞኒ አንድ ጉርሻ አልቀመሱም። ፊታቸውን ወደዚያ ጥግ አዙረው፣ አንድ እጃቸውን ያበጠው ብርድ ልብስ ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ውጭ የጭቃው ትንፋሽ ይሰማል፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣው ሙቀት እግሩን ያዝለዋል። ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው። ነገሩት፣ አጭር ነበር። ከዚያ አንድም ሰው በዚህ ነገር አብሯቸው ተቀምጦ እንደማያውቅ ጨመሩ። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ምንተስኖትን የት ቦታ እንደነካችው እሱም አያውቅም፤ ብቻ ዓመት ሙሉ ምንም ያልተሰማው ሰው ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ፈቀቅ ሲል ተሰማው። ያልተለቀሰለት ልጅ፣ አብሯት የተቀመጠ የሌለ እናት። ደሴ ያሉት የራሱ እናት ጎን የእሱ ቦታ ባዶ እንደነበረ ታየው።

ለቅሶ ቤት ሲገባና ሲወጣ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ሐዘንተኛ አልበላም ይላል፣ ለቀስተኛ ደግሞ እሺ አይልም። አፈር ስሆን ይባላል፣ እኔን ይባላል፣ ከቀረበው ተቆንጥሮ በግድ ይጎረሳል፣ ሐዘንተኛው አንዴ ካላመጠ ዕንባውም እህሉም መንገድ ያገኛል። የተባለውን ረሳው ማለት አይቻልም። ሰምቷል፤ ግን የሰማው በጆሮው ነው፣ እጁ የታዘዘው በሌላ ነበር። ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ የነሐሱን ክዳን አነሳ፣ እንፋሎቱ ፊቱን መታው። በጣቶቹ ሩዙን ጠቅልሎ ወደ አፋቸው አቀረበና ኮሪያኛው ቃል ስላልነበረው በገዛ ቋንቋው ለመናቸው።

«አፈር ስሆን፣ ይቅመሱ።»

ሃልሞኒ እጁን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ያረጀ ዓይናቸው ቀስ እያለ ሰፋ። ከዚያ የታዘዙ ይመስል አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱ፣ አላመጡ። አላለቀሱም። ሳህኑን ከእጁ ወስደው ማንኪያ አነሱና ያጎርሱት ጀመር። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና እንቢ አላለም፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ተቀበለ፣ እሳቸውም ሳያቋርጡ፣ ማንኪያው ከሳህኑ ቂጥ እስኪጋጭ ድረስ አበሉት። ታች ያለው ሩዝ ጨው ጨው ይላል። ሲጨርስ ክዳኑን ገጠሙና ደጅ ወጡ፣ የመግቢያው ድንጋይ ላይ የሆነ ነገር ሲንሸራተት ሰማ። ዓመት ሙሉ እንደዚያን ዕለት እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ጉም ነበር። ምንተስኖት በመስኮቱ ሃልሞኒን አያቸው፤ የነሐሱን ሳህን ይዘው ወደ ባሕሩ ወረዱ፣ ባዶውን በጨው ውሃ አጠቡት፣ ተመለሱ። ስም አልጠሩም። እሱም ለመውጣት ጫማውን ሲፈልግ አፍንጫው ወደ ቤት ዞሮ አገኘው፣ ውስጡም ውሃ ሞልቶታል። በዝናብ ይሆናል አለ፤ መሬቱ ግን ደረቅ ነበር። ሃልሞኒ ጥቁሩን ቦት አቀረቡለት። ሦስት ዓመት ሙሉ የኮሪያ ጫማ ቤት ሁሉ ለእግርህ ልክ የለንም ብሎ የመለሰው ሰው፣ እግሩን ሲያስገባው ልክክ አለ። ደስ አለው ማለት አይቻልም፣ ግን ምቾት ነበረው።

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላል ያገራችን ሰው። ሙሪዶ ላይ ግን ነገሩ በሁለተኛው ቀን ሌላ ሆነ። በመረብ ጠጋኞቹ ፊት ሲያልፍ ማንም ቀና አላለም፣ ማንም አልሳቀም፤ ትናንት ክንዱን የነኩት አሮጊት ዛሬ ዓይናቸውን ሳያነሱ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁለት፣ አንዱ ሽማግሌ የመረብ መርፌ እጁ ላይ አኖሩ። ተቀመጠ። ጣቶቹ ክሩን አዞሩት፣ አሾለኩት፣ አጠበቁት፣ አንድ ቀዳዳ ተዘጋ፣ ወደሚቀጥለው ሄደ። መረብ ጠግኖ አያውቅም። ይህን ያሰበው አሥረኛውን ቀዳዳ ሲዘጋ ነው፣ አስቦም አላቆመም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሀል ተቀምጦ ስለ ራሱ ምንም የማይጠየቅበት ቦታ አግኝቷልና። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቀትር ላይ እናቱ ጋ ለመደወል ስልኩን አወጣ። ስልኩ ፊቱን አይቶ ነበር የሚከፈተው፤ አልከፍትም አለ። መስታወቱን በእጅጌው ወለወለው፣ ወደ ብርሃን ዞረ፣ እንደገና ሞከረ። ሰባቴ ሞክሮ በቁጥር ከፈተው። «እማዬ» የምትለውን ስም ነካ፣ ጥሪው ከሩቅ ገባ።

«ሃሎ? ማን ልበል?» አሉ ወይዘሮ ዝማም።

እኔ ነኝ አላቸው። ጉንፋን ይዞህ ነው እንዴ፣ ድምፅህ ሌላ ሆነብኝ አሉት። ከዚያ ድንኳኑ እንደተነገረ፣ ቄሶቹ እንደተጠሩ፣ አክስቱ ከወልዲያ እንደገባች ዘረዘሩለትና መጨረሻ ላይ ድምፃቸው ቀጠነ።

«አትቀርም አይደል፣ ልጄ?»

«አልቀርም፣ እማዬ» አለ። ቃሉን ለማግኘት ግን ትንሽ ጊዜ ወስዶበት ነበር፣ ያቺን አጭር ቃል። ሲዘጋ መዳፉን አየ። የገመድ ጠባሳ አለበት፣ የቆየ፣ የደረቀ። ስልኩን ውሃ በማይገባው ከረጢት አድርጎ ቦርሳው ኪስ ውስጥ ከተተው።

አቶ ፓንግን መንገድ ላይ አገኛቸው። ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ዓይናቸው ቦቱ ላይ ሲደርስ ፊታቸው ደም አጣ። ሩዙን በልተሃል ወይ ብለው ጠየቁት። አዎ አለ። የትናንቱ የአክብሮት አነጋገር ጠፍቶ ነበር፣ እሳቸውም እንደጠፋባቸው ያስተዋሉ ይመስል አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ነገ ጀልባዋ ስትመጣ ከሰው ሁሉ ቀድመህ ግባ» አሉት በቀስታ። «በምንም ስም ቢጠሩህ ዞር እንዳትል። እኔም ብጠራህ።»

ይህን ሲሰማ መፍራት እንደነበረበት ምንተስኖት ያውቃል። ፍርሃቱን እንደ ዕንባው ጠበቀው፣ አልመጣም። ቢሆንም እናቱን አሰበና ቦርሳውን ጠቅልሎ፣ ሰማያዊ ሽፋኑን አልብሶ፣ ነገ ጠዋት አንስቶት ለመሮጥ እንዲመቸው በሩ አጠገብ አቆመው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አሮጌ መስታወት ብሩ ተልጧል፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ፊቱ የራሱ ነበር። ብቻ የማን እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ቆመ።

አመሻሹ ላይ ሃልሞኒ ከጭቃው ዳር ያለውን የጎጆ ጣሪያ ገመድ እንዲያይላቸው ላኩት፤ ልጅ እንደሚላክ ነው የላኩት፣ እሱም እንደ ልጅ ሄደ። ባሕሩ ሸሽቷል፣ ጉሙ ተመልሶ መጥቷል፣ ሰማዩና ጭቃው አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው የት ላይ እንደሚገናኙ አይለይም። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ይተነፍሳሉ። ከዚያ ትንፋሻቸው ባንድ ጊዜ ቆመ፤ ውሃው መመለስ ሲጀምር ነው የሚቆመው፣ ይህንን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቀና ሲል ከፊቱ ርቆ፣ ጭቃው ላይ፣ አንድ ሰው ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ጀርባውን ነው ያየው፤ ረጅም ነው፣ ትከሻው ወረድ ያለ፣ ሰማያዊ የዝናብ ሽፋን ያለው ቦርሳ የተሸከመ፣ በደነዘዘ ሰው አረማመድ የሚሄድ። እርምጃው ጭቃ ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ጮኸ። ተመለስ፣ ውሃው እየመጣ ነው፣ በግራ በኩል ዙር ብሎ ጮኸ፣ ድምፁም ወፍራም ሆኖ በሽማግሌዎቹ የደሴት ቅላጼ ወጣ። ሰውየው አልዞረም። ሮጬ ልድረስበት ብሎ አንድ እግሩን ጭቃው ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ቆመ። የማያውቀው ሰው ነው። መንገደኛ ይሆናል፣ መንገደኞች ምክር አይሰሙም። ውሃው ከጉሙ ውስጥ ሰፊ ጨርቅ መሬት ላይ እንደሚጎተት ዓይነት ድምፅ እያሰማ መጣ፣ ሰማያዊው ነገር እስከ ወገብ፣ እስከ ትከሻ ሆነ፣ ከዚያ ግራጫ ብቻ ቀረ። ገመዱን አጥብቆ ወደ ቤት ተመለሰ። በሩ አጠገብ ምንም አልነበረም፣ እሱም የሚፈልገው ነገር እንዳለ አላስታወሰም።

ሐሙስ ማለዳ የድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸና የአቶ ፓንግ ድምፅ መጣ። ኦክሱን ቤት ያረፈው የውጭ አገር ተማሪ ትናንት አመሻሽ ወደ ጭቃው ወጥቶ አልተመለሰም፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ገመድ ይዞ ይውረድ አሉ። እሱም ተነሳ፣ ቦቱን አጠለቀ፣ ወረደ። ያን ልጅ ትናንት አይቶታል፣ ጮሆለታል፣ አልሰማውም እንጂ። ለአቶ ፓንግ ይህን ነገራቸው። አቶ ፓንግ ዓይኑን እያዩ አዳመጡት፣ ፊታቸው ላይ የሰው ሐዘን እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። «አይዞህ ዶንግሱ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም። ያኛውን ጫፍ ያዝ» አሉት። ያዘ።

ከአለቱ ሥር ቦርሳውን ያገኘው እሱ ራሱ ነው። ሰማያዊው ሽፋን ተቀዷል። ሰውየውን ግን አላገኙም።

ረፋድ ላይ ጀልባዋ መጣች። መንገደኛ አልነበራትም፣ ደብዳቤና የነዳጅ በርሜል አወረደች፣ ቅጽ የያዘው ሠራተኛ ዛሬ ይመለሳል የተባለው ተማሪስ ብሎ አቶ ፓንግን ጠየቀ፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁና ኮፍያቸውን አወለቁ። እሱ ከሌሎቹ ጋር ቆሞ ያይ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ ሊለው ቃጣው፤ ሐሙስ አንድ ነገር ነበረው፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻዋን ትቆማለች፣ እንዳትቀር ብላ ነበር፣ ማን እንደሆነች ልትመጣለት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ወደ መሸጋገሪያው ሳንቃ አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን ሲያነሳ እጅጌውን ትንሽ እጅ ያዘችው።

«ዶንግሱ» አሉ ኦክሱን ከኋላው። «ና ልጄ፣ ሩዙ ይቀዘቅዛል።»

ዞረ። ሳንቃው ተነሳ፣ ጀልባዋ ጉሙ ውስጥ ገባች፣ ድምፅዋ ለረጅም ጊዜ ከተሰማ በኋላ ጠፋ። እጃቸውን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

አራት ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ። ጠዋት መረብ፣ ቀን ጀልባ፣ ማታ ወጥ። ሰኞ አመሻሹ ላይ እናቱ እንደልማዳቸው እራት አቀረቡ፣ ሩዙን በሳህኑ ሞሉለት፣ ከዚያ ከጓዳ ሌላ ሳህን፣ የነሐሱን፣ እየተነነ አወጡ። ክዳኑን ገጥመው ብርድ ልብሱ ሥር ወሸቁት። ይህንን ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እንደሚያደርጉ ያየ ቢሆንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

«ይሄኛው ለማን ነው፣ እማ?»

«ለዚያ ተማሪ ነዋ» አሉ ኦክሱን፣ ዓሣውን እየፈለፈሉለት። «እናቱ ሩቅ አገር ናት አሉ። እሷ እስክትሰማ ማን ያስቀምጥለት?»

ማንኪያውን አኖረ። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዕንባ ዓይኑን ሞላው፣ ሞልቶም ፈሰሰ፤ ትከሻው እስኪርገበገብ አለቀሰ፣ ዓመት ሙሉ ሲጠራቀም እንደኖረ ነገር አለቀሰ፣ ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል ማልቀሱ ራሱን ገርሞታል። ፊቱን ለማስታወስ ሞከረ፣ አልመጣለትም። ጀርባውን ብቻ ነው ያየው። እናቱ ጀርባውን አሹለት፣ በቃ በቃ አሉት፣ አጎረሱት፣ ዕንባው ቆመ። ሲቆም ቀለለው፣ ከቀለለውም በኋላ የቀረ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ በሩ ኋላ ደርቆ ከተሰቀለው የተማሪው ቦርሳ ውስጥ የሆነ ነገር ነዘረ። ተነስቶ ኪሱን ፈታ፤ ውሃ በማይገባው ከረጢት ውስጥ ስልክ አለ፣ ባትሪው ሊያልቅ ቀይ ሆኗል፣ መስታወቱ ላይ ሦስት ፊደላት ይበራሉ። አቅንቶም አዘቅዝቆም አያቸው፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በዕድሜው አይቶ አያውቅም፤ የሚደውለው ሰው ድካም አሳዘነውና፣ እስኪበቃው ይጥራ ብሎ ስልኩን ከብርድ ልብሱ ሥር፣ ከሞቀው ሩዝ አጠገብ አኖረለት።